የእናቴ ኤስኤስአይ ሊቆም ነው የሚል ደብዳቤ ሲመጣ

አሜሪካ ውስጥ ወላጁን የሚጦር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፖስታ አለ። ከሶሻል ሴኩሪቲ የሚመጣው ነው። ውስጡ ብዙ ገጽ አለው፤ ግማሹ ቁጥር፣ ግማሹ ሕግ። አንዳንዱ ሰው ሳይከፍተው መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሌላው ይከፍትና የመጀመሪያውን አንቀጽ አንብቦ «በቃ፣ ቆረጡን» ብሎ ቁጭ ይላል። ሁለቱም አያዋጣም። ብዙ ጊዜ ደብዳቤው «ልንቆርጥ ነው» እንጂ «ቆርጠናል» አይልም። በሁለቱ መሃል አጭር ጊዜ አለች። ሁሉ ነገር ያለው እዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።

የእናቴን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ እኔ ጋ ይደውላል፤ ለእያንዳንዱ ከመድገም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ኤስኤስአይ ምን እንደሆነ ይታወቅ። ዕድሜው 65 ለሞላ፣ ለዓይነ ስውር ወይም ለአካል ጉዳተኛ፣ ገቢውና ንብረቱ ትንሽ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የወር ድጎማ ነው። ከ1974 ጀምሮ አለ። ሠርተው ታክስ ከከፈሉበት የሚመጣው ጡረታ ሌላ ነው። ቢሮው አንድ ስለሆነ ሰው ያምታታዋል፤ አይፈረድበትም። ጡረታ የሠራችሁበት ስለሆነ ባንክ ውስጥ ስንት እንዳላችሁ አይጠይቅም። ኤስኤስአይ ግን በችግር መጠን የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ችግሩ ቀለል ብሏል ብለው ባሰቡ ቁጥር የመቀነስም የማቆምም ሥልጣን አላቸው። በ2026 ለአንድ ሰው ከፌዴራል የሚከፈለው ከፍተኛው 994 ዶላር ነው፤ ለባልና ሚስት 1,491። አንዳንድ ስቴቶች ትንሽ ይጨምሩበታል።

እናቴ ላይ የመጣው ምክንያት «ንብረትሽ ከተፈቀደው በላይ ሆኗል» የሚል ነበር። የተፈቀደው 2,000 ዶላር ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ 3,000። ይህ ቁጥር ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። ያኔ በ2,000 ዶላር ምን ይገዛ እንደነበር አስቡት! የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠርም፤ ባንክ ያለው ግን ይቆጠራል።

እናቴ ደግሞ በሕይወቷ 2,000 ዶላር አንድ ላይ ይዛ አታውቅም። የገረመኝም ለዚህ ነው። በኋላ ሲጣራ ነገሩ ከወንድሜ መጣ። ወንድሜ የትራክ ሾፌር ነው፤ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነው። «እኔ አንድ ነገር ብሆን ገንዘቡ እንዳይታሰር» ብሎ ከዓመታት በፊት አካውንቱ ላይ የእናታችንን ስም አስገብቷል። የራሱን ትራክ ለመግዛት የሚያጠራቅመው ብር እዚያ ነው ያለው። ጥሩ ልጅ ያደርገዋል የምንለው ነገር ነው።

ሕጉ ግን ጆይንት አካውንትን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። የኤስኤስአይ ተቀባይ ስም ያለበት የጋራ አካውንት ውስጥ ያለው ገንዘብ ሁሉ የተቀባዩ ነው ተብሎ ይገመታል። ግማሹ አይደለም፤ ሁሉም። የሚታየውም ወሩ በገባበት በመጀመሪያው ቀን የነበረው ሒሳብ ነው። በወሩ 1ኛ ቀን ከ2,000 በላይ ከታየ የዚያ ወር ክፍያ አይገባም ማለት ነው። ዕቁብ የምትጥሉ እናቶች ይህቺን ልብ በሉ። ዕቁቡ በወሩ መጨረሻ ወጥቶ ባንክ ገብቶ ካደረ፣ በማግስቱ ብታወጡትም ተቆጥሯል።

ጥሩው ነገር ግምቱ ሊፈርስ የሚችል ግምት መሆኑ ነው። «ገንዘቡ የእኔ አይደለም» ብሎ ማስረዳት ይቻላል። መጀመሪያ ግን የደብዳቤው ቀን።

ደብዳቤው ለምን ቀድሞ እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል፤ ድፍረት ይሰጣል። በ1970 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጎልድበርግ እና ኬሊ በሚባለው ክርክር አንድ ትልቅ ነገር ወሰነ። ከሳሾቹ የኒውዮርክ ድጎማ ተቀባዮች ነበሩ። ፍርድ ቤቱ፣ በድጎማ የሚተዳደር ሰው ገንዘቡ ከመቆሙ በፊት ምክንያቱ ሊነገረውና ሊሰማ ይገባል አለ። እውነትም ገንዘቡ ቆሞ ከስድስት ወር በኋላ ክርክሩን ቢያሸንፍ፣ እስከዚያ ምን በልቶ ይቆያል? የቢሮ ሰዎች እስካሁን ድረስ ክርክሩ እስኪያልቅ የሚቀጥለውን ክፍያ በዚያ ክስ ስም ይጠሩታል። ስለዚህ ሕጋዊ ማቋረጥ ማለት ሁለት ነገር ያሟላ ነው፦ በሕግ የተጻፈ ምክንያት፣ እና ቀድሞ የደረሰ ደብዳቤ። ደብዳቤው ምክንያቱን፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሆነና ስንት እንደሚቀነስ መናገር አለበት።

አሁን ቀኑ። ደብዳቤው አናት ላይ ቀን አለ። ከዚያ ቀን ላይ 5 ቀን ለፖስታ ይታሰባል፤ በአምስተኛው ቀን ደርሷችኋል ብለው ይገምታሉ። ይግባኝ ለማለት ከደረሳችሁ ጀምሮ 60 ቀን አላችሁ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው 10ሯን ቀን ነው። በደረሳችሁ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኙን ካስገባችሁ፣ የመጀመሪያው የይግባኝ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ክፍያው ሳይነካ ይቀጥላል። በ11ኛው ቀን ብታስገቡ ይግባኙ ይታያል፤ ገንዘቡ ግን እየቆመ ነው የምትከራከሩት። ለምሳሌ ደብዳቤው በወሩ 3 ከተጻፈ፣ በ8 ደርሷል ይባላል፤ እስከ 18 መግባት አለበት። «60 ቀን አለኝ» ብሎ የሚዝናና ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ፖስታው ዘግይቶ ከደረሰ የፖስታ ቤቱን ማህተም አትጣሉት፤ ማስረጃ ነው።

እኔ ፎርሙን ሞልቼ እዚያው መስኮት ላይ ነው ያስገባሁት። ቁጥሩ ኤስኤስኤ-561 ነው፤ ሪኮንሲደሬሽን፣ ማለትም ውሳኔው እንደገና ይታይልኝ የሚባልበት። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ጠባብ ናት። ድርሰት አያስፈልግም። «በአካውንቱ ያለው ገንዘብ የልጄ ነው፣ የእኔ አይደለም። ማስረጃ አቀርባለሁ። ክፍያዬ እንዲቀጥል እጠይቃለሁ» ብቻ ነው የጻፍነው። ኮፒውን «የተቀበላችሁበት ቀን ያለበት ማህተም ምቱልኝ» አልኩ። መቱልኝ። ያቺን ማህተም ያለባትን ወረቀት እንደ ፓስፖርት ነው ያስቀመጥኳት። ማስረጃው ሁሉ እስኪሟላ ብላችሁ ፎርሙን አታዘግዩ፤ ማስረጃ በኋላ ይደርሳል።

ፎርሙ ላይ በምን መልክ እንዲታይላችሁ የሚጠይቅ ቦታ አለ። አንደኛው ፋይሉን ብቻ እንዲያዩ ነው። ሁለተኛው ኢንፎርማል ኮንፈረንስ ይባላል፤ ቁጭ ብላችሁ ታስረዳላችሁ፣ ምስክርም ታቀርባላችሁ። ሦስተኛው ፎርማል ነው፤ አልመጣም የሚል ምስክር በግድ እንዲጠራ እስከ መጠየቅ ይደርሳል። እኛ ምስክራችን የገዛ ወንድማችን ስለሆነ ሁለተኛውን መረጥን። በወረቀት ብቻ እንዲታይ ከሆነ ሰውየው የሚያየው ስምና ቁጥር ነው። እናቴን ቢያያት ይሻላል ብዬ ነው።

ያን ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። አስተርጓሚ በስልክ ተገናኘልን። ነፃ ነው፤ መብት ነው። እኔ አማርኛም እንግሊዝኛም ብችልም እንዳልተረጉም ፈለግሁ፤ ልጅ ሲተረጉም ያሳምራል ብለው ይጠራጠራሉ። ጠያቂው «በዚህ አካውንት ውስጥ ያለው ገንዘብ የእርስዎ ነው?» አላት። አስተርጓሚዋ በአማርኛ ደገመችው። እናቴ ቀና ብላ «የልጄ ነው። የልጄ ከሆነ ደግሞ የኔ አይደል እንዴ? ምን ልዩነት አለው?» አለች። ደረቴ ቀጥ አለ። አስተርጓሚዋም ሥራዋ ነውና ቃል በቃል ተረጎመችው። ጠያቂው መጻፍ ጀመረ።

«አንድ ጥያቄ ይጨመርልኝ» አልኩ። «ከአካውንቱ አውጥታ ታውቃለች ወይ ብለህ ጠይቃት።» ጠየቃት። «እኔ? ካርዱንስ የት አይቼው! ባንኩ የት እንዳለም አላውቅ። ስሜን ሲያስገባ አንዴ ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ።» በዚያች መልስ ነው ነገሩ የተገለበጠው። እነሱ የሚፈልጉት ማን አስገባ፣ ማን ያወጣል፣ ለማን ጥቅም ዋለ የሚለውን ነው። የእናትና የልጅ ፍቅር እዚያ ፎርም ላይ ቦታ የለውም። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው። ዋሹ ማለቴ አይደለም፤ የሚጠየቁት ምን እንደሆነ ይግባቸው ማለቴ ነው።

ያቀረብነው ይህ ነው። የእናቴ የጽሑፍ ቃል፣ የወንድሜ የጽሑፍ ቃል፣ ወደ አካውንቱ የሚገባው የወንድሜ ደሞዝ መሆኑን የሚያሳይ የባንክ ስቴትመንት። ከዚያ የእናቴ ስም ከአካውንቱ ወጣ፤ ባንኩ የሰጠንን ወረቀትም አስገባን። ስሙን ሳታስወጡ «የኔ አይደለም» ማለት አይሠራም። ውሳኔው ለእኛ ሆነ። የኋላው ወራትም አብሮ ተስተካከለ፤ «በትርፍ ተከፍሎሻል፣ መልሺ» የሚለውም ተነሳ።

ባይሆንልንስ? ከሪኮንሲደሬሽን በኋላ ዳኛ ፊት መቅረብ አለ፣ ከዚያ አፒልስ ካውንስል (የሶሻል ሴኩሪቲ የራሱ የይግባኝ ጉባኤ)፣ ከዚያ የፌዴራል ፍርድ ቤት። በእያንዳንዱ ደረጃ 60 ቀን ነው። አንድ አደጋ ግን አለ፤ ክፍያው እንዲቀጥል ጠይቃችሁ ክርክሩን ከተሸነፋችሁ፣ በመሃል የወሰዳችሁትን መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ። ምክንያቱ እውነት እንደሆነ ልባችሁ እያወቀ ከሆነ ይህን አስባችሁበት ግቡ።

እውነተኛ ምክንያት ሆኖ ብዙ ሐበሻ የሚያዝበት ደግሞ ጉዞ ነው። ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ኤስኤስአይ አይከፈለውም። አገር ቤት ልጅ ለመዳር የሄዱ አንድ ጎረቤታችን አሉ። ሠርጉ አለቀ፣ መልሱ መጣ፣ ቅልቅሉ ቀጠለ፣ ከዚያ ለቅሶ ደረሰ። እንደምታውቁት ነው፤ አገር ቤት ተሄዶ በቀጠሮ አይመለስም። ሲመለሱ «ተመልሻለሁ፣ ይቀጥልልኝ» አሉ። ሁለተኛውን ግማሽ አልሰሙም ነበር፦ 30 ቀን ውጭ ከቆያችሁ፣ ተመልሳችሁ 30 ተከታታይ ቀን አሜሪካ ውስጥ እስክትቀመጡ ክፍያው አይጀምርም። የጠፋው የውጭው ጊዜ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሙሉ የካሌንደር ወር የሚባልም አለ። በጃንዋሪ 31 ወጥታችሁ በማርች 1 ብትመለሱ ፌብሩዋሪን ሙሉውን ውጭ ነበራችሁ። 28 ቀን ብቻ ቢሆንም የፌብሩዋሪው አይገባችሁም። ትኬት ስትቆርጡላቸው ይህን ይዛችሁ ቁረጡ። የበረራ ለውጥ ስለማይታወቅም ጥቂት ቀን ትርፍ ይኑር። መሄዳቸውንም መመለሳቸውንም ማሳወቅ ግዴታ ነው። ክፍያው በተከታታይ 12 ወር ከቆመ ደግሞ ፋይሉ ይዘጋና እንደ አዲስ ማመልከት ይመጣል።

ልጅ ቤት መኖርም ያስቀንሳል። እናት ልጇ ቤት በነፃ እየኖረች፣ ምግቡንም ቤተሰቡ ከቻላት፣ ከከፍተኛው ክፍያ ላይ አንድ ሦስተኛ ይነሳል። በ2026 ወደ 331 ዶላር ነው፤ ትንሽ አይደለም። የቤት ወጪ ድርሻዋን የምትከፍል ከሆነ ግን ይህ ቅናሽ አይመለከታትም። «ከእናቴ ኪራይ ልቀበል?» የሚል ልጅ ብዙ ነው። ነውር ይመስላል፤ ይገባኛል። ግን ድርሻዋን በቼክ ወይም በባንክ ብትከፍል፣ ስምምነቱም በወረቀት ቢኖር፣ ያ አንድ ሦስተኛ አይነሳባትም። አንድ ያሻሻሉት ነገር አለ፤ ከሴፕቴምበር 30፣ 2024 ጀምሮ ሰው የሚሰጣችሁ ምግብ ብቻውን እንደ ገቢ መቆጠሩ ቀርቷል። ድሮ ልጅ አስቤዛ ገዝቶ ቢያመጣ እንኳ ሊያስጠይቅ ይችል ነበር።

ጥሬ ገንዘብ ግን አሁንም ይቆጠራል። በዜል ለእናታችሁ 200 ዶላር ስትልኩ ገቢ ነው። በወሩ ከሚገባው ገቢ ላይ የመጀመሪያው 20 ዶላር ይታለፋል፤ የቀረው ከክፍያዋ ላይ ሊነሳ ይችላል። የስልኳን ቢል በቀጥታ ለስልክ ድርጅቱ ብትከፍሉላት ግን አይቆጠርም። እኔ እናቴን ስረዳ እንዲህ ነው የማደርገው።

ሆስፒታል ወይም ነርሲንግ ሆም ገብተው ሙሉ ወር ካለፈና ከግማሽ በላይ ወጪውን ሜዲኬይድ (ገቢው ትንሽ ለሆነ ሰው ያለው የመንግሥት የጤና ሽፋን) ከከፈለ፣ የፌዴራሉ ክፍያ ወደ 30 ዶላር ይወርዳል። የሚቆዩት ከሦስት ወር ያልበለጠ መሆኑን ሐኪም ከጻፈና ቤታቸውን ለማቆየት ገንዘቡ ካስፈለጋቸው ሙሉው ሊቀጥል ይችላል። ወረቀቱን በጊዜ ማስገባት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የሰባት ዓመቱ ነው። በስደተኝነት ወይም በአሳይለም (በጥገኝነት) የገባ ሰው ሲቲዝን ካልሆነ ኤስኤስአይ የሚያገኘው ለሰባት ዓመት ብቻ ነው። ሰባት ሲሞላ ምንም ጥፋት ሳይኖር ይቆማል። ሕጋዊ ነው፤ ይግባኝ ብዙም አያድንም። መፍትሔው ሲቲዝንሺፕ ነው፣ ወይም 40 የሥራ ኳርተር (አሥር ዓመት ገደማ ሥራ) ያለው ባለ ግሪን ካርድ መሆን ነው፤ የትዳር ጓደኛ ሥራም ሊደመር ይችላል። ችግሩ ሽማግሌዎቻችን የእንግሊዝኛውን ፈተና ይፈራሉ። ዕድሜው 55 ሆኖ በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ በአማርኛ መፈተን ይችላል፤ ግን 15 ዓመት እስኪሞላ ሰባቱ ያልፋል። በሕመም ምክንያት መማር የማይችል ካለ ኤን-648 የሚባል ፎርም አለ። ሐኪሙ ነው የሚሞላው። የመርሳት ችግር፣ ስትሮክ፣ ከባድ የአእምሮ ጭንቀት ያለበት ሰው ከእንግሊዝኛውም ከታሪኩም ፈተና ነፃ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ «ዕድሜያቸው ገፍቷል» ብሎ ቢጽፍ ይመለሳል። ሕመሙ ምን እንደሆነና ለምን መማር እንደሚከለክል መጻፍ አለበት። አምስተኛው ዓመት ላይ ጀምሩት እንጂ ሰባተኛው ላይ አይደለም።

ለውጥ ሲኖር ማሳወቅ ያለባችሁ ለውጡ የሆነበት ወር ካለቀ በ10 ቀን ውስጥ ነው። አድራሻ፣ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው፣ ገቢ፣ ጋብቻ፣ ጉዞ፣ ባንክ። ካላሳወቃችሁ ከ25 እስከ 100 ዶላር ቅጣት ሊነሳባችሁ ይችላል። ሆን ብሎ የዋሸ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ 6 ወር፣ ለሁለተኛ 12፣ ከዚያ በኋላ 24 ወር ክፍያ ያጣል። በስልክ ካሳወቃችሁ ቀኑንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ስልኩ 1-800-772-1213 ነው። መስመሩ ያስጠብቃል፤ እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ «አማርኛ» በሉና አስተርጓሚ እስኪመጣ አትዝጉ።

«ኦቨርፔይመንት አለብሽ»፣ ማለትም በትርፍ ተከፍሎሻል፣ የሚል ከመጣ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። አልተከፈለኝም ወይም ሒሳቡ ስህተት ነው ካላችሁ ያው 561 ነው። ተከፍሎኛል፣ ግን ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ብመልስ ደግሞ የምኖርበት አይኖረኝም ካላችሁ ኤስኤስኤ-632 ነው፤ ዕዳው እንዲቀርላችሁ ትጠይቃላችሁ። ለዚህኛው የጊዜ ገደብ የለውም። ማስታወቂያው በመጣ በ30 ቀን ውስጥ ከገባ ግን ውሳኔ እስኪሰጥ መቀነስ አይጀምሩም። ዕዳው እውነት ሆኖ ከተገኘም አብዛኛውን ጊዜ ከኤስኤስአይ ላይ በወር የሚነሳው 10 በመቶ ነው። እሱም ከከበዳችሁ እንዲያንስ በኤስኤስኤ-634 መጠየቅ ይቻላል።

ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማው) ሌላ ቢሮ ነው፤ ሕጉም ሌላ ነው። እዚያ ይግባኙ ፌር ሂሪንግ ይባላል፣ 90 ቀን አለው። ቅነሳው ከሚጀምርበት ቀን በፊት ከጠየቃችሁ ክፍያው ሊቀጥል ይችላል። ግን የተፈቀደላችሁ ጊዜ ካለቀና የማደሻውን ፎርም ካልመለሳችሁ፣ ይግባኝም ብትሉ አይቀጥልም። ብዙ ሰው የሚወጣው በዚህ ነው፤ ገቢው ስለጨመረ ሳይሆን ፎርሙ በድሮ አድራሻው ስለሄደ። ቤት ስትቀይሩ ሁለቱንም ቢሮ ለየብቻ አሳውቁ፤ አንዱ ለሌላው አይነግርላችሁም።

ጠበቃ ካስፈለገ ገቢው ትንሽ ለሆነ ሰው በነፃ የሚሠሩ ሊጋል ኤይድ ቢሮዎች በየስቴቱ አሉ። ስትደውሉ «ኤስኤስአይ ሊቆም ነው፣ ደብዳቤው የተጻፈው በዚህ ቀን ነው» ብላችሁ ጀምሩ። ቀኑን ሲሰሙ ነው የሚቸኩሉላችሁ።